ሕፃን ያየውን ይጠየቅ
ስለ ካርቱን ሥዕልና ስለ ሕፃናት የማሰብ ኃይል በራዲዮ የተደረገ ንግግር

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ጉዳይ በየቤታችሁ በየቀኑ የሚታይ ነው። ይኸውም ሕፃናት ልጆቻችን በቴሌቪዥንና በስልክ የሚመለከቱት የካርቱን ሥዕል ለማሰብ ኃይላቸው ምን እንደሚጨምርላቸው፥ ምንስ እንደሚያጎድልባቸው ነው። ነገሩን በደፈናው ከመናገር ይልቅ በአዋሽ ወንዝ ሸለቆ ባሉት በሁለት የአፋር ከተሞች፥ ማለት በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሰመራ ላይ አቁመን ብንመረምረው የተሻለ ነው። ችግሩ በእነዚያ ከተሞች ጎልቶ ይታያል፤ መድኃኒቱም ከዚያው ከአገሩ ልማድ ውስጥ ይገኛል።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፥ በመንገዱ ላይ ካሳደጋቸው ከተሞች አንዱ እርሱ ነበር። ሰመራ ደግሞ የአፋር ክልል መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚያ እንዲዛወር ስለ ተወሰነ፥ በጅቡቲ መኪና መንገድ ዳር በቅርብ ዘመን የተቆረቆረ ከተማ ነው። በሁለቱም ከተሞች ከአገሩ ተወላጆች ጋር ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር በሥራ ተመድበው የሄዱ መምህራን፥ ሐኪሞች፥ የሒሳብና የጽሕፈት ሠራተኞች ይኖራሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። አያት የለ፥ አክስት የለ፥ ልጅ የሚይዝ ዘመድ በአጠገብ የለ።

በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። በሰመራ በሰኔና በሐምሌ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በቀትር ሕፃንን ወደ ደጅ ሰድዶ ማጫወት አይቻልም። ስለዚህ በሩ ይዘጋል፥ መጋረጃው ይወርዳል፥ የአየር ማራገቢያው ይከፈታል፤ ቴሌቪዥኑም አብሮ ይከፈታል። ሞግዚቲቱ ሥራዋን ትሠራለች፤ ሕፃኑም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከዲሹ የሚመጣው የካርቱን ሥዕል አንዳንዴ በእንግሊዝኛ፥ አንዳንዴ በዐረብኛ፥ አንዳንዴም በሌላ ቋንቋ ይናገራል። አባትና እናት ከሥራ ሲመለሱ ልጁን ደኅና ሆኖ ያገኙታል፤ አልወደቀም፥ አልተቃጠለም፥ አላለቀሰም። በዚህም ተደስተው እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። እኛም ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን የልጁ አካል ደኅና መሆኑን ከተመለከትን በኋላ አእምሮውስ በእነዚያ ሰዓቶች ምን ሲሠራ ዋለ ብለን መጠየቅ የወላጅነት ግዴታችን ነው።

የሕፃን የማሰብ ኃይል ሲባል ፊደል መቁጠር ብቻ አይደለም። የሕፃናትን አእምሮ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከሁሉ በፊት የሚመለከቷቸው ሦስት ኃይሎች አሉ። አንደኛው፥ የተነገረውን ነገር እስኪሠራበት ድረስ በአእምሮው መያዝ ነው። ሁለተኛው፥ ስሜቱ የገፋፋውን ወዲያው ከማድረግ ራሱን መግታት ነው። ሦስተኛው፥ ነገሩ ሲለወጥ አሳቡንም አብሮ ማዛወር ነው። «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፥ ከዚያ ጫማህን አምጣ፥ ከዚያ እንሄዳለን» ሲሉት ሦስቱን በተራ የሚፈጽም የአራት ዓመት ልጅ እነዚህ ኃይሎች በውስጡ እየጠነከሩ መሆናቸውን ያሳያል። ኋላ በትምህርት ቤት መምህሩን ለማዳመጥ፥ ሒሳብ ለመሥራት፥ ከጓደኛው ጋር ተራ ጠብቆ ለመጫወት የሚያስፈልጉት እነዚሁ ናቸው።

እንግዲህ የካርቱን ሥዕል በእነዚህ ኃይሎች ላይ ምን ያደርጋል? በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፥ አንጀሊን ሊላርድና ጄኒፈር ፒተርሰን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። 60 የአራት ዓመት ልጆችን በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ስፖንጅ ቦብ የተባለውን እጅግ ፈጣን ካርቱን ተመለከቱ፤ በዚህ ካርቱን ሥዕሉ በአማካይ በየ11 ሰኮንዱ ይለዋወጣል። ሁለተኛዎቹ ስለ አንድ ትንሽ ልጅ የዕለት ኑሮ የሚናገር፥ በየ34 ሰኮንዱ የሚለዋወጥ ዝግ ያለ ካርቱን አዩ። ሦስተኛዎቹ ምንም ሳያዩ ወረቀትና ቀለም ተሰጥቷቸው ሥዕል ሣሉ። ጊዜው ለሁሉም 9 ደቂቃ ብቻ ነበር። ወዲያው ከዚያ በኋላ ቍጥሮችን ወደ ኋላ እንዲደግሙ፥ የታዘዙትን ሳይሆን ተቃራኒውን እንዲያደርጉ፥ የሚበላ ነገር ከፊታቸው ተቀምጦ ሳይነኩ እንዲጠብቁ በማድረግ ፈተኗቸው።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ፈጣኑን ካርቱን ያዩት ልጆች ሥዕል ሲሥሉ ከቆዩት ልጆች እጅግ አንሰው ተገኙ። ዝግተኛውን ያዩት ግን ከሣሉት ልጆች አላነሱም። ሊላርድና ሌሎች ባልደረቦቿ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ሌላ ጥናት አውጥተው፥ ዋናው አድካሚ የሥዕሉ ፍጥነት ሳይሆን በተፈጥሮ ሊሆን የማይችል ነገር በላይ በላዩ መደራረቡ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሰው ከገደል ወድቆ ጠፍጣፋ ይሆናል፥ ወዲያው ተነሥቶ ይሮጣል፤ ቤት እግር አውጥቶ ይሄዳል። የሕፃኑ አእምሮ አንዱን ተረድቶ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መነገር አለበት። ይህ ጥናት ልጆቹን የፈተናቸው ካርቱኑን አይተው እንደ ጨረሱ ወዲያው ነው። ስለዚህ ካርቱን ያየ ልጅ ሁሉ ለዘለዓለም አእምሮው ይደክማል የሚል ሰው ከጥናቱ አልፎ ይናገራል። የተረጋገጠው ነገር፥ ከእንዲህ ያለው ካርቱን በተነሣበት ሰዓት ልጁ ለመታዘዝ፥ ለመጠበቅና ለማስታወስ ያለው ኃይል መቀነሱ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን እንዳጠፋችሁ «ና ተቀመጥ፥ ፊደል አጥና» ብላችሁ ልጁ ሲቅበጠበጥ ብታዩት፥ ባለጌ ሆነ ብላችሁ አትቈጡት። ጥቂት እንዲሮጥ፥ ውሃ እንዲጠጣ፥ በእጁ አንዳች ነገር እንዲነካካ ፍቀዱለት። በጧት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ካርቱን የሚያይ ልጅ ደግሞ ለመምህሩ የደከመ አእምሮ ይዞ እንደሚቀርብ አስቡ።

ከሦስት ዓመት በታች ላለው ሕፃን ነገሩ ከዚህም የተለየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ይህን ያስረዳል። ገና ዘጠኝ ወር ለሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛ ቋንቋ ተናጋሪዎች 12 ጊዜ እየመጡ መጽሐፍ አነበቡላቸው፥ አጫወቷቸውም። እነዚህ ሕፃናት የቻይንኛን ድምፅ ለይተው መስማት ቻሉ። ለሌሎች ሕፃናት ግን ያንኑ ሰውና ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን አሳዩአቸው፤ እነርሱ ምንም አልተማሩም። ሰውየው ያው፥ ቃሉ ያው ሲሆን፥ የጎደለው ሕፃኑን ዐይን ለዐይን የሚያይ፥ ፈገግ ሲል ፈገግ የሚልለት ሰው ነበር። እንግዲህ በሰመራ ተዘግቶ ባለ ቤት ውስጥ የአንድ ዓመት ልጅ በባዕድ ቋንቋ ከሚናገር ሥዕል ፊት አራት ሰዓት ቢቀመጥ፥ ያን ባዕድ ቋንቋ አይማርም፤ ከእናቱ ወይም ከሞግዚቱ ሊሰማው ይችል የነበረውን የራሱንም ቋንቋ በዚያው መጠን ያጣዋል።

ይህን ስንል በሥዕል የሚተላለፍ ነገር ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር 1969 የተጀመረው ሰሳሚ ስትሪት የተባለው የሕፃናት ዝግጅት መምህራንና ተመራማሪዎች አስበው የሠሩት ስለሆነ፥ በ15 አገሮች ከ10,000 የሚበልጡ ልጆች የተሳተፉባቸው ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ለትምህርት የጠቀመ ሆኖ ተገኝቷል። በአገራችንም ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ፥ ሁላችሁም አባባ ተስፋዬ እያላችሁ የምታውቋቸው ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ነግረዋል። በኋላም ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበች፤ ይህችው ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የጃፓን ሽልማት የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ለአገራችን አስገኘች።

በአባባ ተስፋዬ ተረት ውስጥም ጦጣ ትናገራለች፥ ጅብም ይማከራል፤ ይህስ በተፈጥሮ የማይሆን ነገር አይደለምን ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን በተረት ጊዜ ጦጣይቱን የሚሥላት ራሱ ሕፃኑ ነው፤ ተራኪው ቃሉን ይሰጠዋል፥ ሥዕሉን ግን ልጁ በአእምሮው ይሠራል። ተራኪው ያርፋል፥ ልጁም ይጠይቃል፤ ካልገባው ተረቱ ይቆምለታል። ፈጣኑ ካርቱን ግን ለማንም አይቆምም። ልጁ ቢስቅም፥ ቢያለቅስም፥ ቢያንቀላፋም እርሱ ይሄዳል። እንግዲህ የነገሩ ሥር ይህ ይመስለኛል፤ ሕፃንን የሚጎዳው ማየቱ ሳይሆን ያየውን የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ ስለ መድኃኒቱ ለመናገር ወደ አፋር ልማድ እንመለስ። ሁለት የአፋር ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይተላለፉም። ቆመው ወይም ጥላ ፈልገው ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዳጉ ማለት ወሬ ነው፤ ነገር ግን በከተማ እንደምናውቀው ያለ ልቅ ወሬ አይደለም። ዝናብ የት ዘነበ? ሣሩ እንዴት ነው? ውሃው ደረቀ ወይስ አለ? ከብቱ ታመመ ወይስ ደኅና ነው? በመንገድ ማንን አገኘህ? ሰላም ነው ወይ? አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል፤ ከዚያም ተራው ይለወጣል። ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን ካየው ሰው ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት። የሐሰት ዳጉ መስጠት ነውር ነው፤ የሰው ሕይወትና የመንጋው ሕይወት በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። ውሃ አለ በተባለበት ቦታ ውሃ ከሌለ የሚያልቀው ከብት ነው።

አሁን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ዳጉ ሰጪው ያየውን በአእምሮው ይዞ ረዥም መንገድ መሄድ አለበት፤ ይህ የመጀመሪያው ኃይል ነው። ያላየውን ጨምሮ ከመናገር ራሱን መግታት አለበት፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ከመናገር ወደ መስማት፥ ከመጠየቅ ወደ መመለስ መዛወር አለበት፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ሊቃውንት በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በልዩ ልዩ ፈተና የሚለኳቸውን እነዚህን ሦስት ኃይሎች ዳጉ በየመንገዱ ያሠለጥናቸዋል። ፍየል ጠብቆ ማታ የሚገባ የአፋር ልጅ ታላላቆቹ ሲጠያየቁ እየሰማ፥ ራሱም የት እንደ ዋለና ምን እንዳየ እየተጠየቀ ያድጋል። ልጁ የሚጠየቅ መሆኑን ስለሚያውቅ አስተውሎ ያያል።

የሚያሳዝነው እንግዲህ ይህ ነው። ዳጉ ከሚነገርበት አገር መካከል በተሠሩ ቤቶች ውስጥ፥ ቀኑን ሙሉ ሲያይ ውሎ ማታ አንድም ሰው «ምን አየህ?» ብሎ የማይጠይቀው ልጅ እያደገ ነው። ይህም ከሌላ አገር የመጣው ሠራተኛ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ወደ ከተማ የገባው አፋር ልጅም ከዚሁ ሥዕል ፊት ተቀምጧል። የአያቱ አእምሮ የተሞረደበት ልማድ እርሱ ዘንድ ሳይደርስ ሊቀር ነው።

ስለዚህ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምመኘው ይህን ነው። ልጃችሁ ካርቱን ባየ ቁጥር ዳጉ ጠይቁት። አንድ ካርቱን ሲያልቅ መስተዋቱን አጥፉና ከፊቱ ተቀመጡ። ምን አየህ? መጀመሪያ ማን መጣ? ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ድመቱ ለምን ተናደደ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? በእውነት ድመት ከጣራ ቢወድቅ እንደዚያ ይሆናልን? ይህን ያየኸው ነው ወይስ የገመትኸው? ልጁ በመጀመሪያው ቀን «አላውቅም» ይላችኋል። በሳምንቱ ግን ሲያይ ይዞ የሚነግራችሁን እየመረጠ ያያል። ያን ጊዜ ዝም ብሎ ከሚቀበል ተመልካች ወደ አስተዋይ ተመልካችነት ተሻገረ ማለት ነው።

ስለ ጊዜው መጠን የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ያወጣው ምክር አለ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሥዕል ፊት ባይቀመጥ ይመከራል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥ፤ ከዚያም ቢያንስ ይሻላል። ሕፃኑ ተቀምጦ በሚያርፍበት ሰዓት ደግሞ ከሚያሳድገው ሰው ጋር መጽሐፍ ማየትና ተረት መስማት ይገባዋል ይላል። እንዲያው ተረት ማለቱን ልብ በሉ፤ ለዚህ ለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን ደኸየን አንልም።

በአዋሽና በሰመራ ቀትሩ ረዥም መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ያን ሰዓት በሌላ ነገር የምትሞሉበትን መንገድ አስቀድማችሁ ማዘጋጀት ይገባችኋል። ለሞግዚቲቱ «ቴሌቪዥን እንዳታሳዪው» ብሎ አዝዞ መሄድ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በምትኩ ምን እንደምትሠራ ንገሯት። ውሃ በሳፋ፥ ጣሳና ማንኪያ፥ ባቄላና ሽምብራ ለይቶ መልቀም፥ ወረቀትና እርሳስ፥ የካርቶን ሣጥን፤ እነዚህ ለሕፃን የአእምሮ ሥራ ናቸው። ወሬ ለምታወራለት፥ የልጅነቷን ተረት ለምትነግረው ሞግዚት አመስግኗት፤ ሥራ ፈትታ የተቀመጠች አትምሰላችሁ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ደግሞ ልጁን ወደ ደጅ አውጡት። ከጎረቤት አፋር ልጆች ጋር ይጫወት፤ ቋንቋቸውን ይልመድ። ከቴሌቪዥን ባዕድ ቋንቋ እየሰማ አድጎ፥ ውሃ የሚያቀብለውን ጎረቤቱን በቋንቋው ሰላም ማለት የማይችል ልጅ ብዙ ትርፍ አገኘ አይባልም።

ሁለት መቃወሚያ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንዱ «ልጄ እኮ በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ መቁጠር የተማረው ከካርቱን ነው» የሚል ነው። ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን አንድ ፈተና ፈትኑት። «ሦስት ማንኪያ አምጣልኝ» በሉት። ሦስት ቢያመጣ ቍጥርን ያውቃል፤ እፍኝ ሙሉ ቢያመጣ የተማረው ዜማውን ብቻ ነው፤ የቀረውን እናንተ ከማንኪያው ጋር ታስተምሩታላችሁ። ሁለተኛው መቃወሚያ «ከሥራ ደክመን ስንገባ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ የለንም» የሚል ነው። ዳጉ ግን ሰዓት አይጠይቅም። እራት እስኪቀርብ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ከመሐል አገር የሄዳችሁም ብትሆኑ እንቆቅልሽ አላችሁ፤ «እንቆቅልሽ» ሲሉት «ምን አውቅልህ» የሚል ልጅ የተነገረውን ይይዛል፥ ያወጣል፥ ያወርዳል፥ ሳይችል ሲቀርም አገር ይሰጣል። ይህም ያለ ገንዘብ የሚገኝ ትምህርት ቤት ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ላላችሁ ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። አንድ የበታች ሠራተኛ ለምርመራ ሄዶ ሲመለስ ያየውን ከሰማው ሳይለይ ሪፖርት ቢያቀርብላችሁ ትመልሱበታላችሁ። መቼ ሆነ? ማን አየ? አንተ የት ነበርህ? ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። ይህን ችሎታ ሰው በሠላሳ ዓመቱ በቢሮ አይጀምረውም፤ በአራት ዓመቱ በቤቱ የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ያኔ ይጀምረዋል። ነገ በአዋሽና በሰመራ በእናንተ ወንበር የሚቀመጡት ዛሬ መጋረጃው በወረደበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሥዕል የሚያዩት ሕፃናት ናቸው።

እንግዲህ ካርቱኑን ከቤታችሁ አባርሩ አላልሁም። ምረጡት፥ መጥኑት፥ የምትችሉ እንደሆነ ከልጁ ጋር አብራችሁ እዩት፤ ሲያልቅ ግን ልጁን ሳትጠይቁ አትለፉ።